«ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያለን ማን ነው?

ባለጋቢው

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አባቴን ቀበርኩ። ሰሜን ሸዋ፣ የተወለድኩበት ገጠር። ባለቤቴንና የ7 ዓመት ልጃችንን ይዤ ነው ከአዲስ አበባ የሄድኩት። ልጁ ከአያቱ ጋር በጣም ነበር የሚዋደደው። ክረምት ክረምት እዛ ነው የሚከርመው። ጥጃ ያግዳል፣ እሸት ይጠብሳል፣ ማታ ከአያቱ ጋቢ ስር ገብቶ ተረት ይሰማል።

አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ጮኾ አይደለም። ጋቢዬን ጨምድዶ ይዞ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። አጠገባችን የአባቴ የልብ ጓደኛ የሆኑ ሽማግሌ ቆመዋል። ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙትና «ተው አንተ! ወንድ ልጅ አያለቅስም። ሴት ነህ እንዴ?» አሉት። ወዲያው አፉን በመዳፉ አፈነ። ዝም አለ።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ስንደርስ እኚያው ሽማግሌ የአባቴን ጠመንጃ ተቀብለው መሐል ገቡ። ፎከሩ። የአባቴን ስም እየጠሩ ደረታቸውን ደቁ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። ሌሎቹም ወንዶች ተከተሉ። ሃያ የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳንዶቹን በሕይወቴ ሙሉ ሲስቁ እንኳ አይቼ የማላውቃቸው፣ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ እሳቸው ወንድ አይደሉም?»

መልስ አጣሁ። እስካሁንም እያሰብኩት ነው። ወንድ ማልቀስ ተከልክሎ አያውቅም ማለት ነው፤ ቦታና ሰዓት ነው የተሰጠው። ሜዳ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጠመንጃ ተይዞ፣ ተፎክሮ ከሆነ ይቻላል። የአባት ጋቢ ይዞ ግን አይቻልም። ይህን ሕግ ማን አወጣው? እናንተስ መጀመሪያ «ወንድ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ወይም «ሴት ልጅ እንዲህ አታደርግም» የተባላችሁት መቼ ነው? ማንስ ነው ያላችሁ?

ሚጣ ከአራዳ

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እግዜር ያጥናችሁ። ልጁን አደራ።

እኔ ሁለት ወንድና አንድ ሴት አሳድጌያለሁ። ወንዶቹን ሕፃን ሳሉ «አንቺ» ነበር የምላቸው። «ነይ እናቴ፣ ጉረሺ፣ አንዴ ብቻ»። አማርኛ ተናጋሪ እናት ሁሉ ይህችን ቁልምጫ ታውቃታለች። ሴቷን ደግሞ «አንተ፣ ና የኔ ጀግና» እላታለሁ። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትጠራኝ።

ትልቁ አምስት ዓመት ሲሞላው አባቱ «አንቺ አትበዪው፣ አድጓል» አለኝ። ተውኩ። ግን ቃሉ ሰፈር ወጥቶ ጠበቀው። ኳስ ሲስት አንዱ ጎረምሳ «አንቺ!» ብሎ ጮኸበት፣ ሁሉም ሳቁ። ፊቱ ቀልቶ ቤት ገባ። ትንሹን ወንድሙን ይዤ «ነይ እስቲ» ስለው ሰምቶ «እማዬ እንደሱ አትበዪው፣ ስድብ ነው» አለኝ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ስወደው የምጠራበት ቃል ለሱ የውርደት ስም ሆነበት። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማስተዋል የጀመርኩት። ሴት ትልቅ ነገር ስትሠራ «ወንድ ናት» እንላለን። እቴጌ ጣይቱን እንኳ፣ በ1888 መቀሌ ላይ የጣልያኑን ምሽግ ውሃ ማስያዝን የመከረችውን ሴት፣ ሰው ሲያደንቃት «ወንድ የሆነች ሴት» ይላል። ሴትነቷ ለዚህ አልበቃም? ወንዱ ሲፈራ ደግሞ «ሴት ነህ?» ነው። ታዲያ ልጄ ሴት መባልን ቢፈራ ምን ይፈረድበታል?

ጥበብ ሰሪው

እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት፣ ቤተሰቦቼ ከዶርዜ ናቸው። እኛ ቤት ጥጥ የምትፈትል እናቴ ናት፣ የሚሸምን አባቴ ነው። እንዝርት የሴት ነው። መወርወሪያ የወንድ ነው። ሁለቱም አንድ ጥጥ ነው የሚነኩት፣ ግን መሐላቸው ግንብ አለ። ስምንት ዓመቴ ላይ ይመስለኛል፣ እናቴ ለገበያ ስትወጣ እንዝርቷን አንስቼ ስሞክር አያቴ መጣች። አልመታችኝም። ከእጄ ወስዳ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠችውና «ጢም አያበቅልህም» አለችኝ። ለብዙ ጊዜ አገጬን በመስታወት አየው ነበር።

እህቴ ደግሞ የአባቴ ዕቃ ላይ፣ እግር የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ተገኘች ተብላ ተቆጥተዋታል። የሚያሳዝነው እሷ ከኔ የተሻለ እጅ ነበራት። ጥለት ስታይ ስንት ክር እንደሆነ በዓይኗ ትቆጥራለች። ዛሬ ጥበብ ትነግዳለች፣ አንድ ቀን እንኳ ሸምና አታውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ አውራ አምባን አየኋት። ፎገራ ውስጥ ናት። ዙምራ ኑሩ በ1964 የመሠረታት ትንሽ ማኅበረሰብ። ሽመና ቤታቸው ስገባ ሴቶች መወርወሪያ ይወረውራሉ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይፈትላል። በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጢም ነበረው! ሙሉ ጢም። አያቴ በሕይወት ብትኖር አምጥቼ ባሳየኋት ብዬ ተመኘሁ።

መሥራቹ ሁሌ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። ልጅ ሆነው ያስቸገራቸው ጥያቄ፣ እናትና አባት እርሻ ላይ አብረው ውለው ቤት ሲገቡ አባት ያርፋል፣ እናት ግን ለምን አታርፍም የሚል ነው። ሁላችንም ያየነው ነገር ነው፣ እሳቸው ጠየቁ።

አንጎለላ

መጀመሪያ ለባለጋቢው፣ ነፍስ ይማር። እኔም የዛው አገር ሰው ነኝ፣ 61 ዓመቴ ነው። እኚያን ሽማግሌ ባላውቃቸውም አውቃቸዋለሁ፣ ከገባህ።

ሁላችሁም ወንድነትን እንደ በሽታ አድርጋችሁ አታውሩ። እኛ ወንድ ስንል ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ የሚገባ፣ ሌሊት ሲጮህ መጀመሪያ የሚወጣ፣ ቃሉን የማይበላ፣ ሲርበው ለልጁ አጉርሶ እሱ ጾሙን የሚያድር ማለታችን ነው። አባቴ እንዲህ ነበር። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የራሱን ቁራሽ ለኛ እየከፈለ ጠገብኩ ይል ነበር። «ወንድ ልጅ አይርበውም» ይለናል። ውሸት እንደሆነ ገብቶናል። ያ ውሸት ነው በሕይወት ያቆየን።

ለልጅ «አታልቅስ» ማለት ጭካኔ አይደለም። ነገ ብዙ የሚያስለቅስ ነገር ይጠብቀዋልና ቻል ማለት ነው። አሁን ያለውን ወጣት አያለሁ። ሥራ የለው፣ መሬት የለው፣ የሚኮራበት ነገር የለው። ወንድነትን ስታፈርሱበት በምትኩ ምን ትሰጡታላችሁ? ይህን መልሱልኝ።

ባለጋቢው

አንጎለላ፣ ስለ አባትዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ። የኔም አባት እንደዛ ነበር፣ ለዛ ነው የልጄ ነገር እንዲህ የከነከነኝ። ደጉን ነገር ማፍረስ አልፈልግም። ቁራሹን ለልጅ መክፈል ግን እናቴም አድርጋዋለች። እናቴ «ሴት አይርባትም» ስትል ሰምቼ አላውቅም፣ ዝም ብላ ነው የከፈለችው። ለምን ያው ሥራ ለአንዱ ጀግንነት ለሌላው ግዴታ ሆነ? እኔ የምጠይቀው ይህን ነው።

ነርሷ

ለአንጎለላ በትሕትና ልመልስ። እርስዎ «ቻል» ያሉትን እኔ በየቀኑ ካርድ ላይ አየዋለሁ። ባልና ሚስት ይመጣሉ። በሽተኛው እሱ ነው። «ምንዎን ነው ያመመዎ?» ስለው «ደህና ነኝ፣ እሷ ናት ያመጣችኝ» ይላል። ሌሊት እንዴት እንደሚያቃስት፣ ሽንቱን ሲሸና ግድግዳ ይዞ እንደሚቆም የምትነግረኝ እሷ ናት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ግፊቱን ስለካው አንዳንዴ እኔ እደነግጣለሁ። ስንት ጊዜ ሆነህ ስለው «ትንሽ ሆነኝ» ይላል። ትንሽ ማለት ሁለት ዓመት ነው።

ሴቶች አስቀድመው ይመጣሉ እያልኩ አይደለም፣ እነሱም ሌላ ችግር አለባቸው፣ ገንዘቡም ጊዜውም በእጃቸው አይደለም። ግን «ወንድ ነኝ» ብሎ ሕመሙን የደበቀ ሰው ስንቱን ሸኝቼ አውቃለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የናንተን ሳነብ የኔ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ልጻፋት።

አሜሪካ 14 ዓመቴ ነው። የአጎቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት መጣ። ጉለሌ አብረን ነው ያደግነው፣ ከትምህርት ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንመለሰው፣ ትልልቅ ጎረምሶች ሆነን ሁሉ። እንደመጣ በሦስተኛው ቀን ገበያ ስንሄድ መንገድ ላይ ትንሿን ጣቴን ያዘኝ። እጄን መነጨቅኩት። ሳላስበው ነው። «ምነው? ምን አደረግኩህ?» አለኝ። ምን ልበለው? እዚህ አገር ሁለት ወንድ እጅ ከተያያዘ ሌላ ትርጉም ይሰጡታል ልበለው? አልኩትም። ገባኝ አለ፣ ግን ፊቱን አልረሳውም።

አሁን እሱም በክረምትም በበጋም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሄደው። ማንም ሽማግሌ አልተቆጣውም፣ ማንም አልመከረውም። ዓይን ብቻ በቃው።

አምና ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄድኩ። የድሮ ጓደኛዬ ፒያሳ አግኝቶኝ እጄን ያዘና እያወራን እስከ አራት ኪሎ ወረድን። መዳፌ ላብ በላብ ሆነ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ማንም አላየኝም። ሁለት ወንድማማች ናቸው ብሎ ያልፋል። ጓደኛዬ አንገቴን አቅፎ ወሬውን ቀጠለ። እኔ እኔው ነኝ፣ እጁም ያው እጅ ነው፣ ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ግን ወንድነቴን የሚያጎድል ነገር ይሆናል። ከናፈቀኝ የአገሬ ነገር ሁሉ፣ ከምግቡም በላይ፣ የናፈቀኝ ይሄ ነው።

ቃልኪዳን

የኔ የዶሮ ታሪክ ነው፣ ግን የምር ነው።

ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ኮንዶሚኒየም። የዛሬ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ስዑር፣ እናቴን ለፋሲካ ጠርቻት ዶሮ ገዛሁ። ሴት አታርድም። ስለዚህ ዶሮዋን በአንድ እጄ፣ ቢላዋውን በሌላ እጄ ይዤ ወንድ ፍለጋ ደረጃ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ገበያ ወይ ቤተክርስቲያን ሄዷል። በመጨረሻ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴን ልጅ አገኘሁ። 13 ዓመቱ ነው። ፈራ። «አርጄ አላውቅም» አለኝ። «ወንድ አይደለህ?» አልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ክንፏንና እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቢላዋውን የሳልኩት እኔ። የት ጋ እንደሚቆረጥ ያሳየሁት እኔ። እሱ በስመ አብ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆረጠ። አልቆረጠም ማለት ይሻላል፣ ሁለት ጊዜ ነው የደገመው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ቢላዋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ልጁ ደሙን አይቶ አስታወከ። እኔ ገብቼ ገሸለጥኳት፣ 12 ብልት አውጥቼ በሎሚና በጨው አጠብኳት። ይሄ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። የወንዱ ድርሻ አንድ ደቂቃ ነበር፣ እሱንም ልጅ ላይ ጫንኩት።

ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ ሃይማኖቴን እወዳለሁ። ግን ያን ልጅ «ወንድ አይደለህ?» ያልኩበት ድምፅ እስከዛሬ ይሰማኛል። ባለጋቢው «ሕጉን ማን አወጣው» ብለሃል። ያን ቀን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ስደተኛዋ (ጅዳ)

ቃልኪዳን የኔ እህት፣ አለቀስኩልሽ።

እኔ ጅዳ የሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ስድስት ዓመቴ። ባሌ ወሎ ሁለት ልጆቻችንን ይዞ ቀርቷል። የኔ ደሞዝ ነው ቤቱን የሚያቆመው። የመጀመሪያው ዓመት በጣም ከበደው። ሰው «የሴት እጅ ጠባቂ» ይለዋል፣ እሱም መጠጥ ጀመረ። ስልክ ሳይነሳ ሲቀር እዚህ ኩሽና ውስጥ ቆሜ እንቀጠቀጥ ነበር።

የለወጠው ልጆቹ መራባቸው ነው። እናቱ ታመመች፣ እንጀራ የሚጋግር ጠፋ። በስልክ አስተማርኩት። እርሾውን ስንት፣ አብሲቱን መቼ፣ ምጣዱ ሲሰማ እንዴት እንደሚታወቅ። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በቪዲዮ እያየሁት ነው የጋገረው። መጀመሪያ ያወጣው እንጀራ ዓይን አልነበረውም፣ እንደ ቆዳ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጋግረው፣ ጎረቤት ጭሱን እንዳያይበት። በሩን ዘግቶ። የሚሰርቅ ነው የሚመስለው። ለልጆቹ እንጀራ እየጋገረ!

አሁን በቀን ይጋግራል። አንዷ ጎረቤት መጥታ «እስቲ ለኔም ሁለት ስጠኝ» ካለችው በኋላ ነው የተወው ፍርሃቱን። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ነጭ ኮፍያ አድርጎ ወጥ የሚሠራው ወንድ ሼፍ ተብሎ ይከበራል። ባሌ ግን ያንኑ ለልጆቹ ሲሠራ ለምን ይደበቃል?

ጠበቃዋ

ሕጉን ማን አወጣው ለሚለው፣ የተጻፈውንም ልጨምር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል፣ ሚስት በሕግ የተፈቀደውን ሁሉ ሲያዛት እንድትታዘዘውም ያስገድዳል። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። ይህ የቆየው እስከ 1992 ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረገ፣ ዕድሜውንም ለሁለቱም 18 አለ። እሱም መጀመሪያ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፣ ክልሎች የየራሳቸውን አወጡ። ስለዚህ እዚህ ከተሳተፍነው ብዙዎቻችን ስንወለድ አባታችን በሕግ አዛዥ ነበር።

ዛሬም አለ። በ2011 የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ለወላድ እናት 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ከድሮው ይሻላል። ግን አባት በአራተኛው ቀን ሥራ ከገባ ልጅ ማጠብን መቼ ይማረዋል? ደንበኞቼ ሲፋቱ «ልጁን ብቻዬን ይዤ አድሬ አላውቅም» የሚሉኝ አባቶች አሉ። እያፈሩ አይደለም የሚሉኝ፣ እያዘኑ ነው።

የነታንያው

እስራኤል ነው ያደግኩት። በ1983 በዘመቻ ሰለሞን መጣን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከመጣበት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አንጎለላ የጠየቁት ጥያቄ ልቤን ነካው። አባቴ ጎንደር አስታራቂ ሽማግሌ ነበር። ሰው ተጣልቶ ደጃችን ይሰለፋል። እዚህ ስንመጣ ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ ገልብጦ ይይዘውና ዝም ብሎ ለኔ ይሰጠኛል። ዘጠኝ ዓመት ልጅ የአባቱን ዕዳ እያነበበ ይነግረዋል። እናቴ ቶሎ የጽዳት ሥራ አገኘች፣ ቋንቋውንም ከሴቶቹ ጋር እየሠራች ለመደችው። አባቴ በረንዳ ላይ ከበትሩ ጋር ተቀመጠ። በሬ የለም፣ ማሳ የለም፣ የሚታረቅ ሰው የለም። ወንድነቱ እዛ መሬት ላይ ነበር ተተክሎ የቀረው። እንባውን አላየሁም። ዝምታውን ነው ያየሁት፣ ለዓመታት።

በኋላ የእህቴ ልጅ ስትወለድ እሱ ጠበቃት፣ ሌላው ሁሉ ሥራ ስለሚሄድ። ዳይፐር መቀየር ተማረ። አማርኛ ያስተማራት እሱ ነው። ዳግም ማውራት የጀመረው ያኔ ነው።

አንጎለላ

የነታንያው፣ አባትህ በሕይወት ካሉ ሰላም በልልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት የጻፍኩትን ሚስቴ አንብባ «አባትህ ጠገብኩ ሲል እናትህ ምን ትል ነበር?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ትዝ አይለኝም። እናቴ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ይህን ሳልጽፍ መቅረት አልፈለግኩም።

ባለጋቢው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለባለቤቴ እያነበብኩላት ነው ያመሸነው።

ዛሬ ለሽማግሌው ደወልኩላቸው። ስለ አርባው ዝግጅት ነው ያልኳቸው፣ ከዚያ የልጁን ጥያቄ እንዳለ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ አባታቸው ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው እንደነበር ነገሩኝ። ቀብሩ እንዳለቀ አጎታቸው ጅራፉን እጃቸው ላይ አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ አባወራው አንተ ነህ፣ እናትህ ፊት እንዳታለቅስ» ብሏቸዋል። በሦስተኛው ቀን እርሻ ወጡ። ሞፈሩ ከቁመታቸው ይበልጥ ነበር አሉ። አላለቀሱም።

«መጀመሪያ ያለቀስኩት ያባትህ ለቅሶ ላይ ነው ልጄ» አሉኝ። «ለሱ ብቻ አልነበረም።»

ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው «ልጁን ለአርባው ይዘኸው ና፣ እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉ። ለአርባው እንሄዳለን። ልጁ ለሳቸው የሚወስድላቸው ሥዕል እየሣለ ነው፣ ሁለት በሬና አንድ ትልቅ ጋቢ የለበሰ ሰው።